ያልከሳሁበት ክረምት

ትናንት ከሰዓት ይቺ የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍታ አንዲት ዘፋኝ ስታሳየኝ ዋለች። ስመ ጥር ናት አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ለመክሳት ስትታገል ኖራ፣ ያንኑ ትግሏን መጽሐፍ አድርጋዋለች። ስታወራው እንባዋ ይፈሳል። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። "አያቴ፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ልጅቱ። "እንግዲያስ ጻፊ" አልኳት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሷ የቆጠረችው ለሁለታችንም ይበቃል።

እኔ ስወለድም ወፍራም ነበርኩ አሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ቅቤዬ" ነበር የሚለኝ። ቤታችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከመንገዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሆድ ካልሞላ የሚያሞቅ ነገር የለም። በደግ ዘመን ውፍረት ክብር ነው። ገበያ ስወርድ ሴቶቹ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው "የማን ቤት ልጅ ናት? ጎተራቸው ሙሉ ነው መሰል" ይላሉ። እናቴ ይኸን ስትሰማ ቀና ብላ ትሄዳለች። እኔ የጓዳዋ ምስክር ነበርኩ።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ገብሱን በረዶ መታው። በዓመቱ ደግሞ መታው። ክረምት ሲገባ ቤታችን ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ሳማ ቀቅለን በላን። ሳማ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል እንጂ አንጀት አይዝም። ሰዉ ሁሉ ከሳ፤ ጉንጩ ጎደጎደ፣ ልብሱ ሰፋው። እኔ ብቻ እንዳለሁ ነኝ። ለምን እንደሆን ያኔ አልገባኝም።

ዛዲያ ሰፈሩ ያማን ጀመር። "የእህል ጉድጓድ አላቸው፤ ደብቀው ይበላሉ" ተባለ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ደብሬ እሳት ልጫር ብላ ገብታ፣ ወሬዋን እያወራች የቤታችንን ወለል በምርኩዟ መታ መታ ታደርጋለች።

"ምን ጠፋብሽ እቴ?" አለቻት እናቴ።

"ኧረ ምንም። አይጥ የሰማሁ መስሎኝ ነው።"

"አይጡማ እናንተ ዘንድ ሄዷል። እኛ ቤት ምን ሊበላ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ግን እናቴ ምድጃውን በአመድ አዳፈነች። ከዚያ "አያ ካሴ ዘንድ እንሄዳለን" አለች።

አያ ካሴ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ደባርቅ አጠገብ ያርሳል። የሱን ማሳ በረዶ አልነካውም። ሲነጋ እናቴ የቅቤውን ቅል አራግፋ የቀረችውን ጠብታ ጸጉሬን ቀባችኝ። "ለወጡ አይሻልም?" ብላት "ለማኝ መስለን ወንድሜ ደጅ አንቆምም" አለች። እሷ ከዚያችው ከእማማ ደብሬ ጋቢ ተውሳ ከአንገቷ እስከ እግሯ ተጠቀለለች። ባዶውን አቁማዳ አጣጥፋ ከጋቢው ስር ያዘች።

ጣሊያን የሠራውን መንገድ ይዘን ሄድን። ጉም ነበር፤ የጭነት መኪናው ድምፁ ይመጣል እንጂ አካሉ አይታይም። እናቴ በየዳገቱ ትቆማለች። "አገሩን ልይ" ትለኛለች። በዚያ ጉም ምን አገር ይታያል።

አያ ካሴ ቤት ስንገባ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ሚስቱ እትዬ አበባ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ "እህል ላቅርብ ይሆን?" አለች።

"ኧረ ተይ፣ በልተን ነው የወጣነው" አለች እናቴ።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። እንግዳ በልቻለሁ ይላል፤ ባለቤት በሞቴ ይላል፤ እንግዳው እንደገና እምቢ ይላል፤ ባለቤት ይቆጣል፤ ከዚያ ይበላል። የራበውም የጠገበውም የሚናገረው አንድ ቃል ነው። እናቴ በሞቴን ትጠብቅ ነበር። እኔም ጠበቅሁ። እትዬ አበባ ግን ቅቤ ከጠጣው ጸጉሬ እስከ ጉንጬ አየችኝና "እሱስ ያስታውቃል" አለች።

አያ ካሴ ሳቀ። "እናንተ ዘንድ በረዶው ሰው ያወፍራል እንዴ? ይቺን ልጅ ምን ታበያታለሽ?"

"እሷን ነፋስም ያወፍራታል" አለች እናቴ እየሳቀች።

ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ያየውን አመነ። እናቴ ጋቢውን ገልጣ ክንዷን ብታሳየው ይበቃ ነበር። አልገለጠችም። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ በሬ አወሩ፤ ተሳስመን ወጣን። አቁማዳው እንደታጠፈ ነው።

መንገድ ላይ "እምዬ፣ ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"ካንድ ማሕፀን ነው የወጣነው። አይቶ ካላወቀኝ ነግሬው ምን ሊያውቅ?"

ከዚያ ወዲያ ልክሳ ብዬ ቆረጥኩ። ከስቼ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አጎቴ ፊቴን አይቶ ያምነናል አልኩ። ሳማውንም፣ አንዳንዴ የምትገኘውን እፍኝ ባቄላም ገፋሁ።

"አሞሻል?" አለች እናቴ ጣባዬን አይታ።

"አላመመኝም። ልክሳ ብዬ ነው። ከስቼ አያ ካሴ ዘንድ ልሂድ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ባንቺ ክሳት የመጣ እህል በኔ ጉሮሮ አይወርድም" አለች። ከዚያ የሷን ባቄላ በኔው ላይ ገለበጠችው።

"አንቺስ?"

"ስቀቅል ቀምሻለሁ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ክረምት ስቀቅል ቀምሻለሁ ያላለችበት ቀን አልነበረም።

"አልበላም" አልኩ።

"በሞቴ" አለች።

በላሁ።

ሐምሌ ሳይወጣ ብርድ መታኝ ብላ ተኛች፤ አልተነሳችም። ቃሬዛዋን ሊያነሱ አራት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ ገና ጫፉን ከፍ ሲያደርግ "ሁለት ሰው ይበቃታል" አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሰማሁት። እማማ ደብሬም ሰምታለች፤ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ከሳሁ። ስፈልገው እምቢ ያለኝ ክሳት ሳልፈልገው መጣ።

አርባዋ ሲደርስ አያ ካሴ ገብስ በአህያ አስጭኖ መጣ። የእህቱ ተዝካር በባዶ ቤት ቢወጣ ሰው ምን ይለዋል። ጠላ ተጠመቀ፣ ዳቦ ተደፋ፤ ቀሳውስቱ በሉ፣ ሲያማን የከረመው ሰፈርም ያን ቀን እኛ ቤት ጠገበ። ለአፏ ያልተገኘው እህል ለተዝካሯ ተገኘ። አያ ካሴ መጀመሪያ ሲያየኝ አላወቀኝም። ሲያውቀኝ ዳቦ ቆርሶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ምነው ያኔ አንድ ቃል ብትናገሩ፣ ልጄ።"

ዳቦውን ወደ አፌ አስጠጋ።

"ብይ እስቲ፣ በሞቴ።"

"በልቻለሁ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለና ሰው ፊት አለቀሰ።

እሱም ከሞተ ቆየ፤ ቂም የለኝም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ውፍረቴም ተመለሰ። አሁን ደባርቅ ያለው ሐኪም "እማማ፣ ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ኪሎ ይቀንሱ" ይለኛል። ልክ ነው፤ ለኔው ብሎ ነው። እኔም እሞክራለሁ። ግን ይኸ ሥጋ የኔ ብቻ አይመስለኝም። እናቴ ከአፏ እያወጣች ያስቀመጠችብኝ ነው። ፎቶ የላት፤ የመቃብሯ ድንጋይም የት እንደገባ አይታወቅ። ቀንሺ ሲሉኝ እሷን አውርደሽ ጣያት ያሉኝ ይመስለኛል።

ገበታ ሲቀርብ ግማሹን ትቼ እነሳለሁ። ልጆቹ "ጎበዝ" ይሉኛል። እጄን ሳልታጠብ ደጃፉ ላይ ጥቂት እቆምና ተመልሼ ተቀምጬ የተውኩትን እጨርሳለሁ።