ዓይን ሳይከደን

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑ ነው፤ ሸዋሮቢት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ገና ዓመት ሳይሞላኝ የላምባ ምድጃ ፈነዳብኝና ቀኝ እግሬ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ተላጠ። አክስቴ ከማጀቴ ከተማ መጥታ ሆስፒታል ታስታምመኝ ጀመር። ሙቀቱ አያስተነፍስም። በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ እውላለሁ፤ አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ታባርርልኛለች።

ከሁሉ የከፋው ቁስሉ የሚታጠብበት ቀን ነበር። ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ወጉኝ፤ ምንም አልፈየደ። ፋሻው ከሥጋዬ ሲላቀቅ ጩኸቴ ግቢው በር ድረስ ይሰማል አሉ። በመጨረሻ ኬታሚን የሚባል ማደንዘዣ እንዲሰጠኝ ተወሰነ።

የማደንዘዣ ባለሙያው ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ የይፋት ሰው ነበሩ። «ዓይንሽ ላይከደን ይችላል፤ ሕመሙ ግን አይደርስሽም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ሕመሙ አልደረሰኝም። ግን ጣሪያው ከላዬ ራቀ። እጄ የኔ አልሆን አለ። የነርሷ ድምፅ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ይመጣል። «ጨርሰናል» ስትል ሰማሁ፤ ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩ። አለሁ እንዳልል ምላሴን አጣሁት። አፈር እስኪመለስብኝ ጠበቅሁ። ስነቃ የአክስቴን ነጠላ ቀድጄዋለሁ።

«ሁለተኛ አልወጋም!» አልኩ።

«ልጄ፣ ቁስሉ ካልታጠበ ይመረቅዛል። ከዚያ እግርሽን ነው የሚቆርጡት» አለች አክስቴ።

መርፌውን ብቀበል መቀበሩ አለ፤ እምቢ ብል ስቃዩ። እንዳልሸሽ እግሬ አይሄድ።

ባለሙያው ይህን ሰምተው መጡና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ምን አየሽ?» አሉኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«መድኃኒቱ ሕመሙን ብቻ አይደለም የሚያርቀው፤ አንቺንም ከገላሽ ያርቅሻል። እንዲህ የሚያይ ብዙ ሰው አለ።»

«ሌላ የለም ጋሼ?»

«ወገብ ላይ የሚሰጥ አለ። ግን በየጊዜው ወገብሽን ስወጋ ልኖር አልችልም። አሁን የሚያረጋጋሽን ዲያዜፓም ቀድሜ እሰጥሻለሁ፤ ክፍሉ ውስጥም ማንም አያወራም። አንቺ የምትሄጂበትን ደስ የሚል ቦታ ከወዲሁ አስቢ።»

ተማሪዎቼ ቀወት ወስደው ያሳዩኝን በመስኖ የሚለማ የሽንኩርት ማሳ አሰብኩና ነገርኳቸው።

«ሽንኩርት?» አሉ፤ ያኔ ሳቁ። «ይሁን። እኔም እጅሽን ይዤ እቆያለሁ።»

በሚቀጥለው እጥበት መርፌውን ስወጋ ማሳው መጣልኝ። ነገር ግን ውሃው ሽቅብ ይፈሳል፣ እኔም ቦዩ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቤ ተቀርቅሬያለሁ። መነቃነቅ አልቻልኩም። የሳቸው ድምፅ ግን አልተለየኝም፤ «አለሽ። ሆስፒታል ነሽ። እግርሽን እያጠብን ነው።» መመለስ ባልችልም አለመሞቴን አወቅሁ። ስነቃ እንባዬ ይወርዳል እንጂ አልጮህኩም።

እንዲህ እየሆነ ቁስሉ ቆዳ እስኪያበጅ ብዙ ጊዜ ተወጋሁ። አንድም ቀን አልቀለለኝም። የተሽከርካሪ አልጋው ጎማ ኮሪደሩ ላይ ሲንቋቋ የአክስቴን ነጠላ ጨምድጄ እይዛለሁ። አንዳንዴ ማሳው ይመጣል፣ አንዳንዴ ጨለማ ብቻ ነው፤ እጃቸው ግን አልለቀቀኝም።

በክራንች ስወጣ ላመሰግናቸው ፈልጌ ነበር፤ ማደንዘዣ ክፍል ሌላ በሽተኛ ይዘው ነበር። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ መረቀቻቸውና ወደ መናኸሪያው ሄድን።