ገደሉ ሥር የተተከለው በር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አቶ ግርማ ቢሮ እንኳ አላሳየኝም። «ቅርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይጠበቅም» ብሎ በቀጥታ መኪና ላይ አወጣኝ። እሱ የቅርስ ጥበቃ ቡድን መሪ፣ እኔ ጀማሪ ባለሙያ ነበርን። ከድሬዳዋ ወጥተን በጀልዴሳ አቅጣጫ ሄድን፤ መንገዱ ሲያልቅ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ መኪናው እምቢ ሲል ደግሞ በእግር።

ዋሻው ገደሉ ወገብ ላይ ነው። የጥንት ሰዎች ግድግዳው ላይ በቀይ አፈር የሳሏቸው ከብቶች አሉ፤ ቀንዳቸው ረጅም፣ ጡታቸው የሞላ። የያዝኩትን የውሃ ፕላስቲክ ስከፍት አቶ ግርማ እጄን ያዘኝ። አንዳንድ ጎብኚ ሥዕሉ ፎቶ ላይ እንዲጎላለት ውሃ ይረጭበታል፤ ያ ደግሞ ቀለሙን ያረግፈዋል።

«አትንኪ፣ አታርጥቢ፣ እሳት አታስጠጊ። ሥራሽ ይኸው ነው» አለኝ።

ስንጥቅ በሜትር መለካት፣ በየዓመቱ ከዚያው ቦታ ቆሞ ያንኑ ግድግዳ ፎቶ ማንሳት፣ አዲስ ጭረት መፈለግ፣ ሁሉንም የተማርኩት ከእሱ ነው። ሥራውን ይወድ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው።

የዋሻው ጥበቃ ኦቦ ጅብሪል የቅርቡ መንደር ሰው ነበር። እንደ ብዙው የድሬ ሰው አለቃውንም «አንተ» ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋሻው እንዲታጠር ተወሰነ። ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ የድንጋይ መወጣጫ ብቻ ነው፤ ግራ ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል። የብረት በሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መወጣጫው ግርጌ ላይ ተተከለ። በያጁ የመጨረሻውን ማጠፊያ ሲበይድ ጅብሪል ሲያይ ቆየና «ወንዙ ሲመጣስ?» አለ።

«ሲመጣ ምን ይሆናል?» አለው አቶ ግርማ።

«እዚህ ሸለቆ ውስጥ ጎርፍ የያዘው ሰው ሌላ መሸሻ የለውም። ሁላችንም እዚህ ነው የምንወጣው።»

«ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ትከፍታለህ።»

በልግ ላይ ጎርፉ መጣ፤ ጅብሪልም ከፈተ። ወንዙ አላሻግር ስላላቸው የመንደሩ ሰዎች ከነፍየሎቻቸው ዋሻው ውስጥ ሰነበቱ። ውሃው ጎሎ እኔ ስደርስ ፋጡማ የምትባል ሴት የረጠበ ልብሷን እሳት ላይ ታደርቅ ነበር። ጭሱ የከብቶቹን ግማሽ አጥቁሮታል።

«እሳቱን አጥፊው፣ ሥዕሉ እየጠፋ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችው። «እህቴ፣ እነዚህ ላሞች አይበርዳቸውም። እኔን ግን ይበርደኛል።»

ቢሆንም ተነስታ ራሷ አፈር አልብሳ አዳፈነችው። ስትንቀጠቀጥ ሳያት ሻርፔን ሰጠኋት።

አቶ ግርማ ጥላሸቱን ሲያይ እንባው መጣ። «ስንት ትውልድ አልፎ የመጣውን ነገር በአንድ በልግ አከሰልከው!» አለው ጅብሪልን።

«ያስገባሁት እኮ ሰው ነው፣ ጅብ አይደለም።»

ጅብሪል ከሥራ ተሰናበተ። ቁልፉ መንደሩ ውስጥ እንዲቀር ለመንኩ። አቶ ግርማ «መንደር በሙሉ የሚከፍተው በር፣ በር አይባልም» አለኝ። አዲሱ ጥበቃ ከድሬዳዋው መጋላ ሰፈር ጠዋት እየመጣ፣ ከሰዓት ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚመለስ ሆነ።

ክረምት ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ፣ እታች ጠብ ሳይል ወንዙ ሞላ። ከተማ ውስጥም የደቻቱ ወንዝ ሲያጓራ ተሰማ። በማግስቱ አቶ ግርማ ደወለልኝ፤ «ሄደሽ አጥሩን እዪ» አለኝ።

በሩ እንደቆመ ነው። ጓጉንቸሩ በድንጋይ ተደብድቧል፣ ግን አልተከፈተም። ብረቶቹ መሐል ጭቃ የበላው የፕላስቲክ ጫማ ተሰክቷል። ጅብሪል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ፋጡማ ናት» አለኝ። «ፍየሎቿን ይዛ ስትመለስ ደረሰባት። እኔ ማዶ ነበርኩ፤ ውሃው አላሻገረኝም። ጓጉንቸሩን ስትመታ ይሰማኝ ነበር። ወላሂ፣ አጥብቃ ነበር የምትመታው። ከዚያ ቆመ።»

አስከሬኗን ጠዋት ከታች አሸዋ ውስጥ አግኝተው ቀብረዋታል። ለአቶ ግርማ ደወልኩ።

«አጥሩስ?» አለኝ።

«አጥሩ ደህና ነው። ፋጡማ ሞታለች።»

«የትኛዋ ፋጡማ?»

ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው።

ለለቅሶ አብረን ሄድን። እኔ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ፤ አንዲቷም የነቀፌታ ቃል አልተናገረችኝም፤ ያ ከስድብ ይብሳል። አቶ ግርማ ከወንዶቹ ጋር አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በዚያው ሳምንት የመንደሩ ሰዎች በሩን በጠራራ ፀሐይ ነቅለው ወሰዱት። ማን እንደነቀለው ፖሊስ ሲጠይቅ የተናገረ የለም። አቶ ግርማም ይመለስ አላለም። ብዙ ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ጅብሪል ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ስጠይቀው «የማንን በር ልጠብቅ?» አለኝ።

ጥላሸቱን ለማጽዳት ባለሙያ መጥቶ ነበር። ቀዩ ቀለም አብሮ ሲነሳ አቆመ። የከብቶቹ ግማሽ ዛሬ የለም፤ የቀረውም በየዝናቡ የሚጠለሉት ሰዎች የሚያነዱት ጭስ ይነካዋል። አሁን የቡድን መሪዋ እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ ሄጄ ፎቶ አነሳለሁ።

አዲስ ባለሙያዎች ዋሻው ለምን እንደማይታጠር ይጠይቁኛል። የምመልሰው ይህን ነው፦ አንድን ቦታ ከማጠራችሁ በፊት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚሸሽበት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መሸሻ ከሆነ አትቆልፉት። ሥዕሉ ይጎዳል። እያወቃችሁ ክፍት ተዉት።