የኬላው ቤት ዕጣ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሮብ ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ ነው። አልዩ አምባ ያለው የኬላ ሹም የነጋዴዎች ጨውና ቡና የሚመዘንበትን ቤት ሲከራይ «ለአንዲት ባልቴት አዳላ» የሚል አቤቱታ መጥቶ፣ አጣራ ተብዬ ነበር። አለቃዬ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አንተ ግን ብዙ አትደር» ብለው ሸኙኝ። ባለቤቴ አጸደ ቁልቁለቱን ፈርታ የሟቹን አባቴን ምርኩዝ ብታቀብለኝ «ያጥረኛል» ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከቀበርናቸው ወዲህ ልነካው አልደፈርኩም።

አንኮበር ከዘመድ ቤት አድሬ ሐሙስ ወደ ቆላ ወረድኩ። በቅሎዬ ከእኔ ትሻላለችና ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች፤ ወርጄ እየሳብኳት ሄድን። የጥዱ ደን አልቆ ማሽላው ሲጀምር በርኖሴን አወለቅሁ። መንገድ ዳር በቁራሽ ጨው አምስት ሎሚ ገዛሁ።

አልዩ አምባ፣ ዓርብ

ሹሙ «እኔ አልመረጥኩም፤ ዕጣ ነው» አለኝ። ትርፍ ቤታቸውን ለማከራየት የፈለጉት ሁለት ነበሩ። ነጋዴው ያሲን የጨው ስባሪ፣ ባልቴቷ ዘሃራ ከሟች ባሏ መቁጠሪያ አንዲት ፍሬ ቅል ውስጥ ጣሉ። ዕጣውን ያወጡት ዓይነ ስውሩ ሼህ እድሪስ ናቸው፤ የወጣውም የዘሃራ ፍሬ ነው። የማያይ አያዳላም ተብሎ ነዋ!

ያሲን ግን «ሦስት ጊዜ ዳበሱ፤ እኔ ሌላ አልልም» አለኝ።

ሼሁን ከዋርካ ሥር አገኘኋቸው። «አውቀው ነው ያነሡት?» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። «ወላሂ አልዋሽህም፣ ልጄ። ባሏ ሐሰን ወዳጄ ነበር። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ መስጊድ የሚያደርሰኝ እሱ፣ መቁጠሪያውን የሚያውሰኝ እሱ። ጣቴ ፍሬዋን ሲያገኛት አልለቅ አለኝ። ጥፋት ነው፣ ጻፈው።»

ዘሃራ በኪራዩ የምትኖርበትን ቤት የሚያፈስ ጣሪያ ካላስከደነች፣ ክረምቱን ከወንድሟ ቤት ጥገኛ ሆና ልትገባ ነው። ብዕሬን ይዤ መጻፍ አቃተኝ።

የሼሁን ቃል ስትሰማ ግን ራሷ «ይደገም» አለች። «በሐራም ጣሪያ ሥር አልሰግድም።»

ሁለቱም ምልክታቸውን በጨርቅ ጠቀለሉና፣ እንግዳ ነህ ብለው እኔን አንሣ አሉኝ። አነሣሁ፤ ጨው ወጣ። ያሲን አልተደሰተም። መሬት መሬት እያየ «ጣሪያሽን ከክረምት በፊት እኔ አስከድንልሻለሁ» አላት። ዘሃራ ፍሬዋን ከጨርቁ ፈትታ በሼሁ መዳፍ ላይ አኖረችና ጣቶቻቸውን አጠፈች።

«እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ» አለች። «ሐሰንን እንደርስዎ የሚያውቀው የለም።»

ደብረ ብርሃን፣ ሰኞ

አለቃዬ «ጉቦ አለ?» አሉኝ። የለም ብዬ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሰምተው ሲያበቁ ሂድና እረፍ አሉኝ።

ቤቴ ደጃፍ ደረስኩ። ከበሩ አጠገብ ሦስት ምርኩዞች ተደግፈው ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩና አንድ በአንድ ዳበስኩ። ሦስተኛው ላይ፣ የአባቴ አውራ ጣት ያጎደጎደው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሽማግሌውን ጥፋት ለአለቃዬ ነግሬ የመጣሁት ሰውዬ፣ ጥፋቱ የገባኝ ገና አሁን ነው።

አጸደ ወጥታ አየችኝና «ያጥረኛል ብለህ አልነበር?» አለች።

ምርኩዙን አልለቀቅሁም።