ሙሾ የወረደለት አዘጋጅ

ፊደል ብዙ ባልቆጥርም የካ ሰፈርን በሙሉ በሙሾ ያስለቀስኩ ሴት ነኝ፤ ይህን የሚክደኝ የለም። ባለፈው እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሜ ስወርድ ሦስት ወጣቶች አስቆሙኝ። ኦፔራ የሚባል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘፈን ቲያትር እየሠሩ ነው። አንዱ ግጥሙን ይጽፋል፣ ሰናይት የምትባለው ዜማውን ታወጣለች፣ ዳዊት ደግሞ አዘጋጁ ነው።

«እማማ፣ ሙሾ ያውርዱልንና እንቅዳ» አሉኝ።

«ሬሳው የታለ? ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው።»

ዳዊት ሳቀና ከባሕር ዛፉ ሥር ተጋደመ። «ይኸው ሬሳው። ነጠላዎን ጣል ያድርጉብኝ።»

ሰናይት ከተገናኘን ጀምሮ ስትነታረከው ነበር። «እዚያው ብትቀር ሥራችን በሰላም ያልቅ ነበር» አለችው።

ነጠላዬን አለበስኩት፤ የእናቱን ስም ጠየቅኩትና ጀመርኩ። ቁመናውን አነሳሁ፣ ያልተደገሰ ሠርጉን አነሳሁ፣ እናቱን በስሟ ጠርቼ፣ ልጄ ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን እንድታይ አደረግኳት። ገጣሚው አቀረቀረ። ሰናይት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች።

ያን ጊዜ ነጠላውን አየሁት። ንቅንቅ አይልም፤ ትንፋሽም የለው። የሰው ልጅ በአፌ ገደልኩ፣ ለዚያች እናት ምን ልላት ነው አልኩ በልቤ። ሙሾውን አቋረጥኩ። ፊቱን ልገልጥ ስጎነበስ፣ ከሥር አንድ እጅ ወጥቶ እጄን ለቀም አደረገኝ።

«እማማ፣ አይግለጡኝ» አለ በሹክሹክታ። «የምታለቅሰው ሰናይት ናት?»