ከፉሪ እስከ መካኒሳ አቦ፦ ጠባሳ ለማስመስከር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፉሪ

ጉዞው የተጀመረው ለተብርሃን በሬን ስታንኳኳ ነው። ለተብርሃን ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየች ኤርትራዊት ናት። በአገሯ እስር ቤት ውስጥ ክንዶቿን ወደ ኋላ አስረው አሰንብተዋታል፤ ከክርኗ በላይ ጠባሳው እንደ አምባር ዞሯል፣ ቀኝ እጇም ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። የጥገኝነት ጥያቄዋን የሚያየው የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ግን ጠባሳ አያምንም፤ የሚያምነው ስለ ጠባሳ የሚያወራ ወረቀት ነው። እስከ ሐሙስ የሐኪም ማስረጃ ካላቀረበች ፋይሏ ይዘጋል።

እኔ አብሬያት እንድሄድ የተመረጥኩት እንግሊዝኛ ስለምችል ነው። በየትኛውም ቋንቋ አፌን እንደማልከፍት የነገራት የለም።

ታክሲ ውስጥ

ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን እንሄዳለን። አሸዋ የጫኑ ሲኖትራኮች፣ ያልተለሰኑ ፎቆች፣ በፎቆቹ መሃል ገና ያልተሸጠ የጤፍ ማሳ። አቦ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ታክሲው አለፈ። ደገምኩት፤ አሁንም አለፈ።

«ወራጅ!» ብላ ለተብርሃን ጮኸች።

«እህት፣ ቅድም ለራስሽ ነው የነገርሽው?» አለኝ ረዳቱ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

መካኒሳ አቦ፣ ረፋዱ ላይ

ክሊኒኩ ከጁስ ቤት በላይ ነው። ኮሪደሩን የሞሉት ለሥራ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ናቸው፤ ሁሉም «ጤነኛ» መባል ይፈልጋሉ።

«ለጉዞ ነው?» አለች ካርድ የምታወጣው ልጅ።

«ለጥገኝነት» አልኩ በሹክሹክታ።

«ያው መሄድ ነው» ብላ ከልጃገረዶቹ ጋር አሰለፈችን።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከደግነቱ ነው።

«እንዴት ነሽ እህቴ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የሚያምሽ ነገር አለ?»

«ተመስገን ነው ዶክተር።»

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችው። አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞሽ፣ በዚህ ምክንያት አትቀሪም። አልጽፈውም።»

እኔ ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ቆሜ፣ የግድግዳውን የክትባት ማስታወቂያ በታላቅ ጥሞና እያነበብኩ ነበር።

ማስረጃው ማኅተሙ ሳይደርቅ እጃችን ገባ። ደረጃው ላይ ተረጎምኩላት፦ ሙሉ ጤነኛ፣ በሰውነቷ ላይ ምንም ጉዳት የሌለባት፣ ለማንኛውም የጉልበት ሥራ ብቁ።

ለተብርሃን እጅጌዋን መልሳ አወረደች። «ያሰሩኝ ሰዎች እንኳ» አለች፣ «እንዲህ አድርገው አይክዱኝም።»

ወደ ፉሪ ስንመለስ

ተመልሰን ስንወጣ ሐኪሙ ለምሳ ወጥቶ ነበር፤ ከሰዓት አይገባም ስለተባልን ነገ ልንመለስ ተስማማን። መንገድ ላይ አለማምዳት ጀመርኩ።

«‹እንዴት ነሽ?› ሲልሽ ምን ትያለሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

«ለተዬ!»

«ታዲያ ሰው በሰላም ሲጠይቀኝ ሞቻለሁ ልበለው?»



ረቡዕ ጠዋት

አቦ ስንደርስ «ወራጅ!» አልኩ፤ ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ። ካርድ ክፍሉን አልፌ የሐኪሙን በር አንኳኳሁ።

«እንዴት አደራችሁ?» አለ ፈገግ ብሎ።

ለተብርሃን ከንፈሯን ስታላቅቅ ቀደምኳት።

«ደህና አላደርንም፣ ዶክተር» አልኩና ሳይጋብዘኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እስቲ ቀኝ እጇን ወደ ላይ እንድታነሳ ይጠይቋት።»