ከላሟ ጉሮሮ የከተትሁት እጅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያረገልኝን ሳልናገር እንዳልሞት ብዬ ነው። ጉልበቴ መቆም እምቢ ስላለኝ የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው፤ እሷው ታነብላችኋለች። አንዲት ቃል እንዳትጨምር ብያታለሁ።

እኔ ሰው የማላምን ሴት ነበርሁ። የልጄን ሚስት ሙሉን ግን ከሁሉም አብልጬ እጠረጥራት ነበር። ጌታን ተቀበልሁ ብላ ወደናንተ ስትመጣ፣ ቤቱን ልትወርስ ሞቴን የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ወጥ ስታቀርብልኝ እንኳ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» እላታለሁ።

አምና በሩዝ አጨዳ ቡሬ የምትባል ላሜ መብላት ተወች። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ድምጿ ጎርንኗል። እኛ ፎገራዎች እንዲህ ስትሆን ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ ብለን እጅ እንከታለን። እኔም ምላሷን ይዤ እስከ ክርኔ ከተትሁ። እጄ ደግሞ በማጭድ የተጫጫረ ነው። ምንም አላገኘሁም።

ሙሉ የከብት ሐኪም ይዛ መጣች። ላሟን ገና ከሩቅ አይቷት «አፏን ማንም እንዳይነካ» አለ። «የእብድ ውሻ በሽታ ነው የምጠረጥረው። አትታረድ፣ አትሸጥ። እጁን የከተተ አለ?»

«የለም» አልሁ። ከሥጋ ቤት ጋራ ተመሳጥሮ በርካሽ ሊወስዳት ነው ብዬ ነዋ። ይፋግ ገበያ ላወጣት ቆርጫለሁ።

ሙሉ ክንዴን አይታ እየለመነች ወረታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ሙሉ የላሟን ነገር ነገረችው።

«እማማ፣ እጅዎን ከተዋል?»

«ውሻ አልነከሰኝ፣ ምን አስጨነቀህ?»

«ለሃጩም በተጫረ ቆዳ ይገባል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ እኔ የማድንበት መድኃኒት የለኝም፤ አሁን ነው መወሰን ያለብን። ጥርጣሬ ይበቃኛል፣ መርፌውን ልጀምርልዎ።»

«ከብት ሐኪሙ ነው የላከህ?»

«ኧረ አላውቀውም።»

እምቢ ብዬ ወጣሁ። ሙሉ ከሐኪም ቤቱ ግንብ ጀርባ ሄዳ ስትጸልይ ሰማኋት። ሞቴን ስትለምን ልይዛት ተጠግቼ አዳመጥሁ። «ጌታ ሆይ፣ የወለደችኝን እናቴን ቀብሬያለሁ፤ እሷንም አትውሰድብኝ» ትላለች። እንዳለሁ አታውቅም። እዚያው ተቀመጥሁ። ስሙ ይባረክ።

ተመልሼ ገባሁና «እስከ ክርኔ ከትቻለሁ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልሁት። አልተቆጣኝም። ክንዴን በሳሙና ደጋግሞ አሳጠበኝ፣ ወጋኝ። መርፌዬን እስከ መጨረሻው ጨረስሁ። ቡሬ በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርናት። ይፋግ ወስጃት ቢሆን የማንን ልጅ አበላ ነበር? ከዚህም ያወጣኝ ጌታ ስሙ ይክበር።

ሙሉን ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እሷ የምታመልከውንም ጌታ ተቀበልሁ። መጠርጠሩ ግን ባንድ ቀን አልለቀቀኝም። ሐኪሙን ብልቃጡን አሳየኝ ስለው ያሳየኝ ነበር። ጌታም እንደዚያው ታገሠኝ። እንደኔ ሰው ማመን የቸገራችሁ ካላችሁ፣ እየተጠራጠራችሁም ቢሆን ኑ። እውነቱን ብቻ ንገሩት።