ሁለት ፍሬ ቫይታሚን በባዶ ሆድ

ይህ የሆነው ባለፈው የፍልሰታ ጾም፣ በሦስተኛው ቀን ነው። አሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል። ያን ቀን ግን የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ያላስረሳኝም እሱ ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ኡጋንዳ፣ ካምፓላ፣ ሙየንጋ በሚባል ሰፈር ሲሆን እናቴ ናኪቩቦ ገበያ የልብስ ሱቅ አላት። በዚያ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላልቀምስ ወሰንኩ። እናቴ "አንቺ አጥንት፣ ወድቀሽ ትሰበሪብኛለሽ!" ብላ አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን ገዛችልኝ። "በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ" ብላም አስጠነቀቀችኝ።

እኔ ሆዬ በሁለተኛው ቀን መዋጡን ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የትናንቱንም የዛሬውንም በአንዴ ዋጥኩ። መድኃኒት ጾም አይሽርም ብዬ ለራሴ ፈረድኩና ወደ እናቴ ሱቅ ለመሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጆሮዬ ጋለ። ቀጥሎ ፊቴ፣ አንገቴ፣ ደረቴ። ጉንዳን የወረረኝ ይመስል ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል። ክንዴን ሳየው ቀልቷል። የታክሲው ረዳት ዞር ብሎ አየኝና "ኧረ ይቺ ልጅ ቲማቲም ሆናለች!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ልቤ ድም ድም ይላል። እናቴን ሳላያት ልሞት ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሂጃብ የለበሰች ሴት ግን አልሳቀችም። "አይዞሽ፣ ነርስ ነኝ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ምላሴንና ከንፈሬን አየች።

"መተንፈስ ያቅትሻል?"

"አያቅተኝም።"

"ምን በላሽ?"

"ምንም።"

"እሺ፣ ምን ዋጥሽ?"

ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጽሑፉን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። "ናያሲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት አለበት። ፊት የሚያቀላው እሱ ነው። አትሞቺም፤ ግን መታየት አለብሽ" አለችና ሾፌሩን አስቆመችው።

እሷ ገበያ እየሄደች ነበር። ገበያዋን ትታ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የደም ግፊቴን ለኩ፤ ደህና ነው አሉን። እስኪበርድልኝ ድረስ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ስለ ጾሙ ስነግራት ሳቀች።

"እኔም ረመዳንን እጾማለሁ፣ ልጄ። ጾሙን ያዘዘሽ አምላክ ነው። ሁለቱን ክኒን ግን ራስሽ ነሽ ያዘዝሽው!"

በስልኬ ለእናቴ ደወለችላት። እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ከንፋ መጣች። መጀመሪያ ያቀፈችው እኔን አይደለም፣ ነርሷን ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ሲነገርሽ መስማት አይሆንልሽም አይደል?" አለችና እሷም አለቀሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅላቱ ጠፋ።

የነርሷ ስም ሃዲጃ ነው። ብልቃጡን ሐኪም ሳያይልኝ እንዳልነካው አስምላኛለች፤ አልነካሁትም።

በቀሩት የፍልሰታ ቀናት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስጸልይ ከእናቴ ስም ቀጥዬ የሃዲጃን ስም እጠራ ነበር። እናቴ ሰምታኝ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላቆምኩም፤ ስሟን በጠራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።